ዜሮ የተጻፈበት ፌርማታ

ሥራዬ ሰው መቁጠር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ጭኔ ላይ ወረቀት የታሰረባት ጣውላ አለች፤ በየፌርማታው ስንት ሰው ተሳፈረ፣ ስንት ሰው ወረደ እያልኩ በጭረት እይዛለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ለዚህ ሥራ እሱም ይተርፋል። ሰው ለመቁጠር ዓይን እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ስልካቸውን ሲነካኩ ሦስት ፌርማታ ያልፋቸዋል።

ድሮ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቆረጥኩ። ከዚያ ትኬት በየኪዮስኩ መሸጥ ጀመረና የእኛ ወንበር ከነብሎኑ ተነቅሎ ተጣለ። ጓደኞቼ ካሳቸውን ተቀብለው ሄዱ። እኔ አልሄድም አልኩ። አለቃው ቢሮ በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆምኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰውየው «ኧረ በፈጠራችሁ አንድ ነገር ስጧትና ከፊቴ አንሷት» አለ፤ ቢጫ ሰደሪያ ሰጡኝና ቆጣሪ ሆንኩ።

ዘንድሮ ታዲያ ትልቅ ቆጠራ መጣ። ከተማው ተለጥጦ ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ውጧል፤ መጓጓዣው ግን እንደ ተጣላ ቤተሰብ ነው። አውቶቡሱ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ባቡሩ የሌላ፣ ትንንሾቹ ሰማያዊ መኪኖች ደግሞ የማኅበር ናቸው፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ጭራውን እያሳየ ይሄዳል። ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ምን መሰላችሁ? ሰዓት ማስተካከል። የባቡር ጣቢያው ሰዓትና የመናኸሪያው ሰዓት በአራት ደቂቃ ይለያዩ ነበር፤ ትክክለኛው የማን እንደሆነ ለመስማማት ሁለት ስብሰባ ፈጀባቸው።

እኔ ይሄን ዕቅድ ወድጄው ነበር፤ በልጄ ምክንያት። ልጄ የምትኖረው በከተማው ማዶ ጫፍ ነው። እሷ ዘንድ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር እይዛለሁ፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ቆሞ መጠበቅ ነው። እሷ ልብስ ስፌት ውስጥ ትሠራለች፤ ዕረፍቷ እሁድ ብቻ። በወር አንድ እሁድ እሄዳለሁ፣ በቀሩት እሁዶች ትደውላለች።

ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቀን አንድ ነገር ነው።

«እማዬ፣ እዚያ ጫፍ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ሁለት ክፍል ነው የተከራየሁት። አንዱ ባዶ ነው።»

«ቤት አለኝ።»

«ቤት አለሽ፤ ጎረቤት የለሽም።»

እውነቷን ነው። ቦታውን ስንገዛ ከተማው በሁለት ዓመት እዚህ ይደርሳል ተብሎ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክፍል ሠራን። ዘጠኝ ቤት ሆንን። ከተማው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ቆልፈው ወጡ፤ አሁን ማታ መብራት የሚበራው የእኔ ቤት ብቻ ነው። ልጄ ስትነዘንዘኝ አንድ ቀን ተናድጄ «አውቶቡስ ደጄ እስከመጣ ድረስ ከዚህ አልነቃነቅም!» አልኳት።

«ቢቀርስ?»

«ከቀረ እመጣለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ቃል ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው። እኔ ደግሞ ቃሌን አልበላም፤ ይሄ በሽታዬ ነው።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። እያንዳንዱ መስመር ሦስት ሦስት ቀን ይቆጠራል ተባለ። የስምሪት ክፍሉ የእኔን ሰፈር መስመር ለእኔው ሰጠኝ፤ እዚያ ስለምኖር ሌላ ሰው እስከዚያ ድረስ ለምን እናንከራትታለን ብለው ነው። ደስ አለኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አውቶቡሱ ደጄ ይመጣል፤ ሰደሪያዬን ለብሼ እወጣለሁ፤ መቁጠር እጀምራለሁ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ፌርማታዎች እነዚህ ናቸው፤ ጡብ ፋብሪካ፣ ሁለቱ ቱቦ፣ መጨረሻ። የእኔ ፌርማታ ስም የለውም፤ መጨረሻ ነው የሚባለው። በጡብ ፋብሪካው ሰው ይጋፋል። ሁለቱ ቱቦ ጋ ማንም የለም። መጨረሻ ላይ ሦስቱንም ቀን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ አስረከብኩ። ከቅጹ ጀርባ ያለው ደንብ ቁጥር አራት «ሰደሪያ የለበሰ ሠራተኛ አይቆጠርም» ይላል። ደንብ ደንብ ነው። እኔ በሥራዬ የውሸት ጭረት አስምሬ አላውቅም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የሚቆጥሩ አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። እኔ ግን አንድ ሰው በፊት በር ገብቶ በኋላ በር ቢወርድ እንኳ ሁለቱንም ነው የምጽፈው።

ቆጠራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው እኛን ቆጣሪዎቹን ሦስተኛ ፎቅ ሰበሰቡን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ አለ፤ መስመሮቹ በየቀለማቸው እንደ ተፈታ ሹራብ ክር ተዘርግተውበታል። የምታስረዳን የአዲሱ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ናት፤ ቀጭን ልጅ ናት፣ መነጽር አላት፣ ስትናገር ሰው ላይ አትጮህም። ለዚህ ነው የምወዳት።

«ሦስቱንም ቀን ዜሮ የሆነ ፌርማታ» አለች፣ «ከዕቅዱ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያወጣው።»

«ሰው ሳያየው?» አልኩ ከኋላ።

«አዎ፣ ዜሮ ከሆነ ምን ይታያል?»

ሰው ሳቀ። እኔ ካርታውን አየሁት። የእኔ ፌርማታ የትንኝ ዓይን ታክላለች፤ ከካርታው ጠርዝ ላይ ልትወድቅ አንድ ጣት ይቀራታል። ያኔ ነው የገባኝ። በገዛ እጄ ነው የዘጋሁት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቀረሁ።

«ልጄ፣ መጨረሻ የሚባለውን ፌርማታ እይልኝ።»

ኮምፒውተሯን ነካካች። «ሦስቱም ቀን ዜሮ። ቆጣሪዋ…» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«አዎ፣ እውነቱን ነው የጻፍኩት። ከእኔ በቀር ማንም አልተሳፈረም።»

«ከእርስዎ በቀር?»

«እዚያ ነዋ የምኖረው!»

መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ራስዎን ለምን አልጻፉም?»

«ደንብ ቁጥር አራት።»

ቅጹን ገልብጣ አነበበችው። ፊቷን ሳየው ደንቡን ያወጣችው እሷው ሳትሆን አትቀርም አልኩ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«የተረከብነውን ቅጽ መለወጥ አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ቀን እናስደግመው። ሐሙስ። ከሐሙስ በኋላ ይዘጋል። ሌላ ሰው ይቆጥራል፤ እርስዎ ፈቃድ ይውሰዱና ትኬት ቆርጠው እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ይሳፈሩ። አንድ ሰው እንኳ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ አይቆርጠውም፤ ወደ እኛ ይመጣል። ሰው አይቶ ይወስናል።»

«ዋናው እሱ ነው። ሰው ይየው።»

እሁድ ለልጄ ነገርኳት። ሳቀች። «ይቁረጡት!» አለች። «እኔ ጸሎት ላይ ነኝ።»

ለሐሙስ የተመደበው ቆጣሪ አቶ ግምት ነው። ስሙ ይሄ አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንለት። አንድ ዓመት ከእኔ ይበልጣል፣ እሱም እንደ እኔ የቀድሞ ትኬት ቆራጭ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ምሳዬን ብረሳ ዳቦውን ያካፍለኛል። ግን አውቶቡሱን አንዴ አየት ያደርግና «አርባ ሁለት» ይላል፤ እኔ ስቆጥር ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል።

«አደራህን» አልኩት ረቡዕ። «እስከ መጨረሻ ድረስ ና። እዚያ ቆሜ ታገኘኛለህ።»

«አታስቢ አንቺ! በእኔ ይሁንብሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ሰደሪያዬን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ ደህናውን ቀሚሴን ለበስኩ። ፀጉሬን አበጠርኩ። ረቡዕ የገዛሁትን ትኬት በእጄ ይዤ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እንደ ፎቶ ቤት ነበር የተሰማኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ ፍሬን ነው፤ ሳያስፈልግ ስለሚረግጠው ነው እንደዚያ የምንለው። በሩን ከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው።

«አቶ ግምትስ?»

«ጡብ ፋብሪካ ወርዷል። ብርዱ ገደለኝ፣ ሻይ ልጠጣ አለ። ስንመለስ እዚያው ይሳፈራል።»

«መቁጠሩስ?»

ፍሬን ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ መንዳት ነው የተቀጠርኩት፣ እመቤቴ።»

ተሳፈርኩ። ሠላሳ ስድስት ወንበር ባዶ ነው። ጡብ ፋብሪካ ስንደርስ አቶ ግምት ዳቦውን እያላመጠ፣ ጣውላውን በብብቱ ይዞ ገባ።

«ኧረ እትዬ! እንዴት አምሮብሻል! ሠርግ አለ እንዴ?»

«ቆጠራ አለ። ወረቀቱን አሳየኝ።»

«ምን ያስቸኩልሻል? ሞልቼዋለሁ።»

«አሳየኝ አልኩህ።»

አሳየኝ። መጨረሻ ከሚለው ትይዩ አራት ጭረት አለ። ጎን ለጎን የቆሙ አራት ጭረቶች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አራት አደረግሁልሽ!» አለ፤ ስጦታ እንደሰጠ ሰው ፊቱ በርቷል። «አንድ ብዬ ብጽፍ ማን ያይሻል? አንድ እንጨት አይነድም ሲባል አልሰማሽም? አራት ሲሆን ግን ይፈራሉ።»

«እንግዳ አምጣልኝ አልኩህ? ቁጠረኝ ነው ያልኩህ!»

«ቆጠርኩሽ እኮ። ከአራቱ አንዷ አንቺ ነሽ።»

«የቱ ጭረት ነው የእኔ?»

ወረቀቱን አየ። አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። «እንግዲህ… ዳር ያለው በይው» አለ።

«መጥተህ ብታየኝ ምን ነበረበት? አሥር ደቂቃ ነው እኮ! ቆሜ ነበር! ቀሚስ ለብሼ ቆሜ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ባሌ የከዳኝ መስሏት «አይዞሽ እህቴ፣ ወንድ እንዲህ ነው» አለችኝ። አቶ ግምት አንገቱን ደፋ።

«እሺ ላስተካክለው» አለ ቀስ ብሎ።

ማስተካከል አይቻልም። ቅጹ በእስክሪብቶ ነው፤ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ውድቅ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ቅጹ ውድቅ ከሆነ የእኔው ዜሮ ይጸናል። አውቶቡሱ እየሄደ ይሄን ሁሉ በሐሳቤ አወጣሁ አወረድኩ። ከዚያ ወረቀቱን መለስኩለትና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቂቅ ዕቅዱ ሦስተኛ ፎቅ ተለጠፈ። የእኔ ፌርማታ አረንጓዴ ሆናለች፤ እንዲያውም አውቶቡስ በቀን አራት ጊዜ ይመጣላታል ይላል። አቶ ግምት በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «አየሽ? አላልኩሽም?» እኔ አረንጓዴዋን ደፍሬ ማየት አልቻልኩም።

ለልጄም አልነገርኳት። ስትጠይቀኝ «ገና ነው» አልኳት።

በእነዚያ ቀናት አንድ የማይረባ ነገር ለመደብኝ። ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆሜ አቶ ግምት ስለጨመራቸው ሦስት ሰዎች አስባለሁ። ከተቆለፉት ቤቶች ከየትኛው ነው የሚወጡት? አንዱን ወንድ አደረግሁት፣ ሳል አለበት። አንዷ ሁልጊዜ የምታረፍድ ናት። ሦስተኛውን ምን እንደማደርገው አጣሁ። አንድ ቀን ማታ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ በእነሱ ተናደድኩ፤ ይሄን ያህል ጎረቤት ሆነን ደህና እደሪ የሚለኝ የለም ብዬ። ከዚያ ቆም አልኩና «አንቺ ሴትዮ፣ እያበድሽ ነው» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። የሚሰማኝ ስለሌለ ጮክ ብል ምንም አይደል።

ሰኞ ጠዋት ነው። ካፊያ አለ። ወደ ፌርማታው ስወጣ አንድ ሰው ቆሟል። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ከሦስቱ አንዱ መሰለኝ። ኢንጂነሯ ናት። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኗል፣ ጣውላ ይዛለች።

«እንዴት አደሩ እትዬ።»

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? በምን መጣሽ?»

«የቢሮው መኪና ጭቃውን አላልፍም ብሎ ጡብ ፋብሪካ ጋ ቀረ። በእግሬ ነው የመጣሁት። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ።» እጇን በትንፋሿ አሞቀች። «ሦስት ቀን ዜሮ፣ በአራተኛው ቀን አራት። ቁጥሩ አላማረኝም። በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።»

ሁለታችንም መንገዱን አየን። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

«ሌሎቹስ?» አለች።

ዛሬ ታመዋል ማለት እችል ነበር። አረፈዱ ማለት እችል ነበር፤ አንዷ ሁልጊዜ እንደምታረፍድ እኔ አውቃለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ሌላ ሰው የለም» አልኩ። «እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሐሙስም?»

«ሐሙስም። ሁልጊዜም።»

«ታዲያ አራት ብሎ የጻፈው ማነው?»

«ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ። እኔን አትጠይቂኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። እስክሪብቶዋን አወጣችና አንድ ጭረት አሰመረች። እያየኋት ነው ያሰመረችው፤ አንዴ እኔን አየች፣ ከዚያ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ አሰመረች። የእኔ ናት ያቺ ጭረት፣ ሌላ የማንም አይደለችም። እንባዬ መጣ፤ ካፊያው ነው ብዬ ጠረግሁት።

«እንግዲህ አንድ ስለሆነ የሚወስነው ሰው ነው» አለች። «ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ጥቂት ጥያቄ አለ፤ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

ስንት ዓመቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት እንደምሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደምመለስ ጠየቀችኝ። ጉልበቴ እንደሚያመኝ ነገርኳት፤ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ሌላ የሚያድሩበት ቤት አለ? ልጅ ወይ ዘመድ ዘንድ? ካለ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ለአንድ ሰው ብዬ ይሄን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ላኩ ማለት አልችልም። ከሌለ ግን መንገድ አለኝ።»

የልጄን ክፍል በሐሳቤ አየሁት። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፤ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። ባዶውን ክፍል በየወሩ ትጠርገዋለች፤ ስሄድ ታሳየኛለች፤ እኔም በር ላይ ቆሜ «ጥሩ ነው» ብዬ እመለሳለሁ።

«የለም» አልኩ።

«ልጅ የለዎትም?»

«የለኝም።»

ማንም አላስገደደኝም። የሰው ቁጥር ሲዋሽ ጮኼ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያስደነገጥኩት እኔ፣ አንዲት ያለችኝን ልጅ የለችም አልኩ። ኢንጂነሯ አመነችኝ። የማታምንበት ምክንያትም የለ፤ እውነት ተናጋሪ መሆኔን አሁን አይታለች። ጻፈች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሁለታችንም ገባን፤ ፍሬን በመስታወቱ አየንና «ዛሬስ ሰርፕራይዝ ነው!» አለ። ማናችንም አልሳቅንም።

ውሳኔው በአሥረኛው ቀን ደረሰኝ፤ በደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት። ኢንጂነሯ ራሷ ደብዳቤውን አነበበችልኝ። ለአንድ ዓመት ያህል አውቶቡስ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ እስከ መጨረሻ ይመጣል። ቅዳሜና እሁድ ከጡብ ፋብሪካ ይመለሳል።

«ከዚህ በላይ መጎተት አልቻልኩም፣ እትዬ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

አቶ ግምት ከቆጠራ ተነስቶ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመ። እኔ እንዳልነገርኩበት ማን ያምነኛል? ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ፤ እሱ ትኬት ያያል።

አዲሱ ዕቅድ ሥራ ጀመረ። ሰው ሁሉ እያመሰገነ ነው፤ እውነትም ያስመሰግናል። ባቡሩ ሲደርስ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል። ከጡብ ፋብሪካ እስከ ልጄ ሰፈር ሦስት ሰዓት ገደማ የነበረው አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ቆጥሬያለሁ።

እሁድ ከሰዓት ልጄ ደወለች።

«እማዬ! ዕቅዱን አየሽው? አንድ ሰዓት ከሩብ! እኔ አላመንኩም። ያንቺስ ነገር ምን ሆነ?»

«አልቀረም። ደጄ ድረስ ይመጣል።»

ከበስተጀርባዋ ከሆነ ሰው ቤት የሚመጣ ሙዚቃ ይሰማል።

«አሸነፍሽ በይኛ» አለች።

«አሸነፍኩ።»

«ምን ብለሽ ነው እሺ ያሰኘሻቸው?»

«ታውቂኝ የለ? ነዘነዝኳቸው።»

ሳቀች፤ ግን ሳቋ አጭር ነው። «እኔ ደግሞ እርግጠኛ ሆኜ… አልጋ ገዛሁ እኮ። አንደኛ ደረጃ እንጨት ነው። ባለፈው ሳምንት አስገባሁት። ፍራሹ ጠንካራ ነው፣ ለወገብሽ።»

«መልሺው» አልኳት።

«አይመልሱም። ይሁን፣ ምንም አይደል፤ ስትመጪ ታርፊበታለሽ። አሁንማ ቅርብ ነው። በየሳምንቱ መምጣት ትችያለሽ። በሚቀጥለው እሁድ ነይ!»

«እሁድ አውቶቡስ የለም።»

«እንዴ? ይመጣል አላልሽም?»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እሁድ ጡብ ፋብሪካ ነው የሚቆመው። እስከዚያ ድረስ በዚህ ጉልበቴ…» ጨረስኩት መሰለኝ፣ አልጨረስኩትም።

ሙዚቃው አልቆ ሌላ ጀመረ።

«እኔ ደግሞ ያለኝ እሁድ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ መቼ ልንገናኝ ነው?»

ይሄን ጊዜ ነበር መናገር። ተሳስቻለሁ፣ አልጋውን አንጥፊው፣ እመጣለሁ ማለት። ሰው እኮ እንዲህ ብሎ ይናገራል፤ ምላስ ያለው ሁሉ ይችላል። የእኔ ምላስ ግን አንዴ ቤት አለኝ ካለ በኋላ የሚመለስበትን መንገድ አያውቀውም።

«እናያለን» አልኩ።

«እሺ» አለች። ቆየችና፣ «አንዲት ጎረቤቴ ለእህቷ አልጋ ትፈልጋለች። ካልሆነማ ለምን ቦታ ይይዛል? ልስጣት?»

«ስጫት።»

«ልስጣት እማዬ?»

«ስጫት አልኩሽ አይደል?»

«እሺ። ደህና ሁኚ፣ ብርድ እንዳይመታሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ውጭውን አየሁ፤ እሁድ ስለሆነ መንገዱ ላይ የጎማ ዱካ እንኳ የለም፤ የዓርቡን ዱካ ዝናብ አጥቦታል። ስልኩን መልሼ አነሳሁና ደወልኩላት።

ተይዟል።

ትንሽ ቆየሁና እንደገና ደወልኩ። አሁንም ተይዟል። ለጎረቤቷ እየነገረቻት ይሆናል።